ባሕር ሳናይ የባሕር ዕቃ ስንመርጥ

ለመሆኑ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ባሕር ዕቃ ምክር መስጠት ይችላል? ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለጨዋታ ብለን አይደለም፤ ደርሶብን ነው። እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ሦስታችንም የሉማሜ ልጆች ነን። የምናውቀው ውኃ ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ የሚወርዱትን ሙጋንና ጨሞጋን፣ ከዚያም ከደጀን ቁልቁል የሚታየውን የዓባይን በረሃ ነው። አገራችንም ብትሆን ኤርትራ ራሷን ከቻለችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ በሃያ ዓመት ዕድሜ ላይ ላለን ወጣቶች ምጽዋና አሰብ በጂኦግራፊ ካርታ ላይ የተማርናቸው ስሞች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «አያ» እያልን የምንጠራው አንድ የሰፈራችን ልጅ ጅቡቲ ወደብ ላይ በጉልበት ሥራ ይተዳደራል። ዓርብ ዓርብ ሥራ ሲዘጋ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ዓሣ ያጠምዳል። ይህ ለእርሱ መዝናኛ አይደለም። ያጠመደው ዓሣ የሳምንቱን ወጥ ይሸፍንለታል፤ ከዚያ የተረፈውን ለጎረቤት ይሸጣል፤ በዚህ የተቆጠበችው ገንዘብ ናት ሉማሜ ላሉት እናቱ የምትላከው። ባለፈው ጥቅምት በስልክ እንዲህ የሚል የድምፅ መልእክት ላከልን፦

«እናንተ ልጆች፣ መምህር ልትሆኑ ነው አሉ። እስቲ ይቺን ንገሩኝ። ይኼ የዓሣ ማጥመጃ በከራ በሁለት ወሩ አልዞር አለኝ። ሌላ ልገዛ ነው። ጨው የማይበላው የቱ ነው? የወር ደመወዜን ግማሽ ነው የማወጣበት፤ ደግሞ ቀልድ እንዳታደርጉት።»

ቀልድ አላደረግነውም። እንዲያውም ሁለት ቀን ተጨነቅን። አንደኛችን «አናውቅም ብለን እንመልስለት» አለ። ሁለተኛችን ግን «ነገ ገጠር ትምህርት ቤት ተመድበን አንድ ተማሪ ያላየነውን ነገር ሲጠይቀን ምን ልንል ነው?» ሲል ጠየቀ። ይህ ቃል አሸነፈ፤ ወደ ጥናቱ ገባን።

በመጀመሪያ በከራው ምን እንደሆነ መረዳት ነበረብን። ብዙዎቻችን የምናውቀው መንጠቆና ሲባጎ ከዘንግ ጫፍ ላይ አስሮ መወርወርን ነው፤ በየወንዙም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ በመበተን ዓሣ ማፍዘዝ የቆየ ልማድ ነው። በከራ ያለው ዘንግ ግን ሌላ ነው። ውድ አንባቢያን፣ የልብስ ስፌት ክር በከራን ጠረጴዛ ላይ አቁሙና ክሩን ወደ ላይ ሳቡት። በከራው ሳይዞር ክሩ በአናቱ በኩል እየሾለከ ይወጣል፤ አይደለም? የዚህ ማጥመጃ ምሥጢርም ይኸው ነው። ሲወረውሩ በከራው አይዞርም፤ ክሩ በጠርዙ እየሾለከ ሩቅ ይሄዳል። ሲስቡ ደግሞ እጀታው የሚያዞረው ቅስት ሽቦ በበከራው ዙሪያ እየተሽከረከረ ክሩን መልሶ ይጠቀልላል። ይህን ዓይነቱን በከራ እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው አልፍሬድ ሆልደን ኢሊንግዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ነበር። ከፈትል ቤት ወደ ዓሣ ማጥመጃ! እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ ላደግነው ለእኛ ይህ ወሬ ባዕድ አልሆነብንም።

ቀጥሎ የጠየቅነው «የትኛው ማርካ ይሻላል?» ብለን አይደለም። «ጨው ብረትን የሚበላው እንዴት ነው?» ብለን ነው። ብረት እንዲዝግ ውኃና ኦክስጅን ያስፈልጋሉ። ማረሻው ዝናብ ላይ የከረመበት ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ውኃው ጨው ሲኖረው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ከፍ ይላል፤ ዝገት ደግሞ በመሠረቱ እንደ ትንሽ ባትሪ የሚሠራ ነገር ስለሆነ በጨው ውኃ ይፋጠናል። የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው ይይዛል። ቀይ ባሕር ትነቱ ብዙ፣ የሚገባበት ወንዝ ግን ከቁጥር የማይገባ በመሆኑ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። ጣና ግን የጨው ሐይቅ አይደለም፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ዓመታት የሚያገለግል በከራ ጅቡቲ ላይ በወራት ቢያልቅ የሚገርም አይደለም።

ይህን በቃል ብቻ እንዳንተወው በሳይንስ ክፍሉ መምህር ፈቃድ አራት የማርማላታ ብርጭቆዎች አዘጋጀን። በመጀመሪያው ምስማሩ በደረቁ ተቀመጠ። በሁለተኛው የቧንቧ ውኃ፣ በሦስተኛው በሊትር 35 ግራም ጨው የተበጠበጠበት ውኃ አደረግን። በአራተኛው ያው የጨው ውኃ ሲሆን፣ ምስማሩን ትተን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት የአሉሚኒየም ቁራጭ ከተትንበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ በጨው ውኃ ያለው ምስማር ብርጭቆውን ቡናማ አደረገው። በጣም ያስገረመን ግን አራተኛው ነው። መዳቡ ደህና ነው፤ አሉሚኒየሙ ከመዳቡ ጋር በተነካካበት አካባቢ ነጭ ዱቄት አወጣ፤ ተበላ። «አሉሚኒየም አይዝግም» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፣ ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ራሱንም በስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይጠብቃል። ነገር ግን ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ሌላ ብረት አጠገቡ ሲኖርማ ዕዳውን የሚከፍለው አሉሚኒየሙ ነው። በበከራ ውስጥ ደግሞ አሉሚኒየም፣ የማይዝግ ብረትና ነሐስ ጎን ለጎን ታስረው ነው የሚኖሩት።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንመለስ። ለአያችን የጻፍንለት እንዲህ ነበር።

አንደኛ፣ አካሉን ተመልከት። ፕላስቲክ አካል አይዝግም፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ችግሩ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ስለሚታጠፍ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ከመስመር ይወጣሉ፤ ጥርስ በጥርስ ይፋጫል። የብረት አካል አይታጠፍም፤ ቀለሙ ከተፋቀ ግን በዚያች ጭረት ጨው ይገባል። ለባሕር ዳር ሥራ የብረት አካል ይሻላል እንላለን፤ ድንጋይ ላይ እንዳትጥለው ብቻ ተጠንቀቅ።

ሁለተኛ፣ በሣጥኑ ላይ በተጻፈ ቁጥር አትታለል። «አሥር ኩሽኔታ አለው» ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። ኩሽኔታ ሲበዛ የሚዝገውም ይበዛል። ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ የተሸፈኑ አራት ኩሽኔታዎች ክፍት ከሆኑ አሥር ኩሽኔታዎች ይበልጣሉ። የመጠን ቁጥሩም ቢሆን፣ ማለት 4000 ወይም 5000 የሚባለው፣ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ይለያያል። በእጅህ ይዘህ መዝነው።

ሦስተኛ፣ ፍሬኑን ፈትነው። ዓሣ በኃይል ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ ፍሬኑ እየለቀቀ መያዝ አለበት። የተለመደው ልክ ክሩ ከሚሸከመው ክብደት ሩብ ወይም ሲሶ ሲደርስ እንዲለቅ ማድረግ ነው። ክሩን በእጅህ ሳበው፤ ነጠቅ፣ ነጠቅ እያለ ከመጣ ተወው። ልስልስ ብሎ ከመጣ መልካም ነው።

አራተኛ፣ ክሩ የሚያልፍባትን ትንሿን ተሽከርካሪ እያት። ጨዋማው ክር ዘወትር የሚነካት እርሷን ስለሆነ ቶሎ ከሚበላሹት አንዷ እርሷ ናት። እርሷ መዞር ስታቆም ክሩ እየተፋቀ ይላላል።

አምስተኛ፣ ባለሱቁን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ይህን ራሴ ፈትቼ ልዘጋው እችላለሁ? መለዋወጫውስ አለህ?»

በዚህ በአምስተኛው ላይ ሦስታችን ተከራክረናል። ዛሬ ውኃ እንዳያስገቡ በጎሚኒ የታሸጉ በከራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ የተመሠረተው ፔን ያወጣው ስፒንፊሸር ስድስተኛው ሞዴል ለምሳሌ አካሉ ብረት ነው፤ የማሸጊያ ደረጃውም «አይ ፒ ኤክስ 5» ይባላል። የዚህ ትርጉም ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይችላል ማለት እንጂ ውኃ ውስጥ ቢነከር ይችላል ማለት አይደለም። ለመነከር 7 ቁጥር ያስፈልጋል። አንደኛችን «የታሸገውን ይግዛ፣ ይገላገል!» አለ። ሌላው ደግሞ «ጎሚኒው አንድ ቀን ሲያረጅ የገባው ጨው መውጫ የለውም፤ ያን ጊዜ ማን ይፈታለታል?» ብሎ ሞገተ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በክርክሩ መካከል ከመካከላችን አንዱ የጣናን ታንኳ አነሣ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ምስማር የለው፣ ብሎን የለው። ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ይደርቃል። ዕድሜው የወራት ነው፤ ሲያልቅ ደንገሉ እዚያው ሐይቁ ዳር በቅሎ ይገኛል፣ ሌላ ይሠራል። ታዲያ ይህ ጠንካራ ዕቃ ነው ወይስ ደካማ? ዕቃው ደካማ ነው፤ አያያዙ ግን ከሺህ በከራ ይልቅ የጸና ነው፤ ምክንያቱም የሚጠቀምበት ሰው ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ አድርቆ፣ ራሱ ይተካዋል።

ከዚህ በመነሣት ለአያችን «ለምን በከራውን ትተህ ክሩን በእንጨት ጠቅልለህ በእጅህ አታጠምድም? እንጨት አይዝግም!» ብለን ላክንለት። ሳቀብን። «እሱማ አለኝ፤ ጀልባ ላለው ሰው ነው የሚሆነው። እኔ ከዳር ቆሜ ነው፤ ዓሣው ያለው ራቅ ብሎ ነው» አለን። እውነቱን ነው፤ ዓሣን መብላት በብልሃት ነው ይባል የለ? ብልሃቱ ደግሞ ከቆሙበት ቦታ ጋር ነው የሚሄደው።

በመጨረሻ የተስማማንበት መካከለኛውን ነው። የብረት አካል፣ የነሐስ ጥርስ፣ ጥቂት ግን የተሸፈኑ ኩሽኔታዎች፣ ከውጭ በሚታዩ ብሎኖች የሚፈታና መለዋወጫው እዚያው ጅቡቲ የሚገኝ። በጣም ውድ የሆነውን ያልመከርነው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የአያን የሁለት ወር ደመወዝ የሚበላ ዕቃ፣ በማዕበል ቢወሰድ ወይም ቢሰረቅ፣ የሚጎዱት ሉማሜ ያሉት እናቱ ናቸው። በጣም ርካሹን ደግሞ በደንብ አይቶታል፤ በየሁለት ወሩ ርካሽ የሚገዛ ሰው ከሁሉ ውዱን ገዝቷል።

ከዚያ በኋላ የእጥበቱን ነገር በተራ ቁጥር ጻፍንለት። ከባሕር እንደተመለስክ ፍሬኑን አጥብቀህ ዝጋ፤ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። በንጹሕ ውኃ ቀስ ብለህ አርከፍክፍበት እንጂ በቧንቧ ግፊት አትምታው፤ ግፊቱ ጨውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ባልዲ ውስጥም አትንከረው። ጠርገህ ጥላ ላይ አድርቀው። ሲደርቅ ፍሬኑን አላላው፤ ተጨምቆ እንዳይቀር። ለትንሿ ተሽከርካሪ ጠብታ ዘይት፣ በየጥቂት ወሩ ለጥርሶቹ ግራሶ። አያ «ፀሐይ ላይ ደርቆ የለም እንዴ፣ ምን እጥበት ያስፈልገዋል?» ሲል ጠየቀን። «በክረምት የእማማ ጨው ዕቃው ውስጥ እንዳለ ሲረጥብ አላየህም?» አልነው። ውኃው ቢደርቅም ጨው ይቀራል፤ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ቀጥሎም «አሃ! ለካ ሌሊት ነው የሚበላው» አለ። ከእኛ ሁሉ በአጭር የገለጸው እርሱ ነው።

ይህን ስንጽፍ አዲሱ በከራ ስድስት ወሩን ይዟል። «እንደ እንዝርት ይሾራል» ብሎናል። በአራተኛው ወር ራሱ ፈትቶ ግራሶውን ቀይሮ መልሶ ገጥሞታል፤ አሁን ደግሞ የሁለት ጓደኞቹን በከራ ይፈታላቸዋል። እኛ ባሕር አላየንም፤ አያም ኬሚስትሪ አልተማረም፤ ሁለታችን ስንገናኝ ግን ሥራው ተሠራ።

እጩ መምህራን ጓደኞቻችን ሆይ፣ በቅርቡ በየወረዳው እንበተናለን። በምንደርስበት ትምህርት ቤት የውኃ ፓምፕ፣ ማባዣ መሣሪያ፣ ማይክሮስኮፕ ይገዛ ይሆናል፤ አስተያየታችንም ይጠየቃል። ያን ጊዜ ከዋጋውና ከማርካው በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የሚያበላሸው ምንድን ነው? በእጃችን ይፈታል ወይ? ማንስ ያጥበዋል? አቧራ ላለበት አገር ጠላቱ አቧራ ነው፣ ቆላ ለሆነው ሙቀት ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

አራቱ ብርጭቆዎች በሳይንስ ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጠዋል፤ በላያቸውም ቀኑ ተጽፏል። ለክፍል ማስተማሪያ መሥራት የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ ይመልከት፤ ወጪው ምስማር፣ ጨውና ባዶ ብርጭቆ ብቻ ነው። እባካችሁ አራተኛውን አትነቅንቁት፤ ነጩ ዱቄት ገና እየወጣ ነው።