ለተራው ማክሰኞም ቀለም
ደመወዝ ሲጠብ ሰው ወደ ጥቁርና ግራጫ ያደላል። ቆሻሻ አያሳይም፣ ከሁሉም ጋር ይሄዳል እንላለን። የእኔም ቁም ሣጥን በዚሁ ሒሳብ ነው የጨለመው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ እኔ ግን ደማቅ ነገር ለተራው ማክሰኞም ይገባል ባይ ነኝ።

ለዚህ ሙሉ ልብስ መቀየር አያስፈልግም። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ፊት ላይ ስለሆነ፣ አንገት ላይ የተጣለች ብርቱካናማ ሻርፕ ከአዲስ ሱሪ በላይ ትሠራለች። ሳልቫጅ ክምር ውስጥ ታግሶ ለፈለገ ደህና ሻርፕ አይጠፋም።

ከሁሉ የምወደው ግን የአሮጌ ነጠላ ጥለት ነው። ነጠላው ሳስቶ ቢቀደድም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ቆርጦ ለሰፈር ልብስ ሰፊ መስጠት፣ በነጭ ሸሚዝ ኮሌታና እጅጌ ጫፍ ላይ ማሰፋት። የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ብቻ! እናቶቻችን ለብሰው የጨረሱት ነጠላ ሣጥን ታች ተጣጥፎ ሲቀመጥ ያሳዝነኛል።

የደበዘዘ ጥጥ ልብስ ደግሞ እቤት ይቀለማል፤ ፖሊስተር ግን ተራውን ቀለም አይቀበልምና ቀለሙን ከመግዛታችሁ በፊት የልብሱን ምልክት አንብቡ። እኔ በሚቀጥለው ወር የደበዘዘች ሹራቤን አረንጓዴ አደርጋታለሁ፤ ጥጥ ናት፣ አይቻለሁ።