ኮሚዳ መቼ ይበላል?

አንዲት የምግብ ስም አጎቴን እንዴት እንዳስቀየመችብኝ ላጫውታችሁ።

አጎቴ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ሕፃናት አንዱ ናቸው። የስፓኒሽን ቋንቋ ልማር በተነሣሁ ጊዜ የመጀመሪያው መምህሬ እርሳቸው ሆኑ። አንድ ቀን «አልሙዌርሶ ምሳ ነው፤ ኮሚዳ ግን እራት ነው» አሉኝ። እኔ የማጠናበት መጽሐፍ በሜክሲኮ ልማድ የተጻፈ ስለ ነበረ፥ ኮሚዳን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የሚበላ ዋና ምግብ፥ አልሙዌርሶን ደግሞ ረፋድ ላይ የሚበላ ይለዋል። ስለዚህ በእንግዶች ፊት «ጋሼ፥ ረስተውት ነው እንጂ መጽሐፉ እንዲህ አይልም» አልኋቸው። እርሳቸውም «ይሆናል ልጄ፥ ብዙ ዘመን ሆነኝ» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም የስፓኒሽ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

ነገሩ ቢከነክነኝ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መመርመር ጀመርሁ። የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ለአልሙዌርሶ የጧቱንም የቀትሩንም ምግብ ፍች ይሰጣል። በስፔን አገር እንኳ የቫሌንሲያ ሰው አልሙዌርሶን ረፋድ ላይ ይበላል፤ በኮሎምቢያና በፔሩ ግን ምሳ ነው። በኩባ ኮሚዳ ሲባል ብዙ ጊዜ እራት ማለት ነው። ቺሊዎች ደግሞ ወደ ማታ ሻይና ዳቦ የሚቀርብበትን ማዕድ «ኦንሴ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ዐሥራ አንድ» ነው። የሚገርመው፥ ይህ ማዕድ የሚቀርበው በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲያስ አጎቴ አልተሳሳቱም ነበር። በማግሥቱ ሄጄ ይቅርታ ከጠየቅኋቸው በኋላ፥ አስቀድሜ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጠየቅኋቸው፤ «ጋሼ፥ እዚያ ደሴት ላይ ኮሚዳ እንዴት ነበር?»

ግማሹን ቀን ትምህርት፥ ግማሹን ቀን በግሬፕፍሩት እርሻ ሥራ እንደ ነበራቸው ነገሩኝ። በአልሙዌርሶ ሰዓት ሁሉም ርቦት ስለሚመጣ ሩዙንና ጥቁር ቦሎቄውን ይሻማል። ኮሚዳ ሲደርስ ግን ይመሻል፤ የእናት ናፍቆት ይብሳል፤ ሳህኑን ሳይነካ የሚያለቅስ ልጅም አይታጣም ነበር። ለአጎቴ ኮሚዳ ማለት ያ ምሽት ነው፤ እኔም በእንግዶች ፊት ስሕተት ነው ያልሁባቸው ይህንኑ ነበር።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ሰው የተናገረውን ቃል ከማረማችን በፊት «ይህን ቃል የት አገር ተማሩት?» ብለን እንጠይቅ።