የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሬበት ነበር

«ቲቸር፣ ቤት ኢንተርኔት አስገባህ አሉ፤ እኛም ልናስገባ ነው፣ እንዴት ነው?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። መልሱ ረዘም ስለሚልና ውስጡም አንድ የማፍርበት ነገር ስላለ እዚሁ ልጻፈው።

አቦከር ያለውን ቤታችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ፊት ለፊት ያሉት ክፍሎች ብሎኬት ናቸው። ከጓሮ ያለው የእናቴ ቤት ግን የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ላይ ልጅ ያስተኛል። ሠራተኞቹ ራውተሩን ሳሎን ሰቅለው ሄዱ። ሳሎን ውስጥ አሪፍ ነው። እናቴ ነደባዋ ላይ ሆና ስልኳን ስትከፍት ግን አንድ መስመር ያሳይና ይጠፋል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ አይወድም፤ 2.4 የሚባለው ቀርፋፋ ቢሆንም ትንሽ ይሻላል። እኛ ጋ ሁለቱም አልሆኑም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ላይ ሲመዘገብ ይሄን ማንም አልነገረን።

ተጠቃሚው ደግሞ ብዙ ነው። የእኔ ላፕቶፕ፣ የታላቅ እህቴ ዴስክቶፕ፣ ከእናቴ ጋር የምትኖረው የታናሽ እህቴ ላፕቶፕ፣ 12ኛ ክፍል የሆነው የታላቅ እህቴ ልጅ ኮምፒውተር። 4 ኮምፒውተር በ1 መስመር እንዴት ይሆናል ለምትሉ፦ ትምህርት ቤታችን አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበረው አይደል? የሁላችንም ደብዳቤ በዚያው ቁጥር ይመጣል፣ ውስጥ ለየሰዉ የምታድለው ጸሐፊዋ ናት። ራውተር ማለት እሷ ናት። ከውጭ ሲታይ ቤቱ አንድ አድራሻ ነው ያለው፤ ውስጥ ግን ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል።

30 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ገዛሁ (እስከ 100 ሜትር ችግር የለውም)፤ ራሱን የሚያስሩበትን ፒንሳ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ተዋስኩ። 8ቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለም መደርደር ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ሦስት ራስ አበላሽቼ አራተኛው ላይ ተሳካ። ግድግዳውን መብሳት እናቴ አትፈቅድም፤ በጣሪያው ሥር በቱቦ አሳልፌ በበሩ በላይ አስገባሁት። እዚያ ጫፉ ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረውን አሮጌ ራውተር ሰካሁ። ሠራ! ያን ማታ ራሴን ኢንጂነር አድርጌ ነው የተኛሁት።

በማግስቱ ጀመረ። አንዴ የእኔ ይቋረጣል፣ አንዴ የእህቴ። ተገናኝቷል ይላል፣ ግን ምንም አይከፍትም። እኔ ወዲያው ፈረድኩ፤ ይሄ ልጅ ጌም እያወረደ ነው! ማታ ማታ የሚያመሸው እሱ ነዋ። እናቱም አያቱም ባሉበት «ፈተና ደርሶብህ ትጫወታለህ?» አልኩት። «ኧረ እኔ ምንም አላወረድኩም» አለ። ፓስወርዱን ቀየርኩበት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የፊዚክስ ትምህርቱን ፈረስ መጋላ ኢንተርኔት ቤት እየከፈለ ነው ያየው። ከምሳ ብሩ እየቆረጠ። ይሄን በኋላ እናቱ ናት የነገረችኝ።

ኢንተርኔቱ ግን እሱ ከወጣም በኋላ መቋረጡን አልተወም። ታዲያ ምን ባልኩ ጥሩ ነው? «ፓስወርዱን አግኝቶታል!»

አንድ ማታ የታናሽ እህቴ ላፕቶፕ እምቢ ሲል ከእኔው ጎን አስቀመጥኩትና ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ አይፒኮንፊግ ብዬ ጻፍኩ። የእኔ መውጫ በር 192.168.1.1 ይላል። የእሷ 192.168.0.1። ይሄ ዜሮ ነጥብ አንድ ደግሞ ማነው? ያ አሮጌ ራውተር! ቁጥር ማደሉን (ዲኤችሲፒ ይሉታል) ሳላጠፋበት ነው የሰካሁት። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ጸሐፊ ነበረች። አንድ ኮምፒውተር «ቁጥር ስጡኝ» ሲል ቀድሞ የመለሰው ይሰጠዋል። አሮጌው ከቀደመ «መውጫው በእኔ በኩል ነው» ይለዋል፤ በእሱ በኩል ደግሞ መውጫ የለም።

እናንተ እንዳትሳሳቱ፦ ሁለተኛውን ራውተር ከመስካታችሁ በፊት ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ ለራሱም ዋናው ለሌላ የማያድለውን ቁጥር ስጡት፣ ኬብሉን ደግሞ ዋን ከሚለው ቀዳዳ ሳይሆን ከላኖቹ በአንዱ ሰኩ። የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተቋረጠም።

እዚያው እናቱና አያቱ ባሉበት ጠርቼ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ያኔ አላወረድኩም ስልህ ለምን ገብተህ አላየኸውም?» አለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት «ማስረጃህ የታለ?» እያልኩ ያስተማርኳችሁ ሰው መልስ አጣሁ። የከፈለውን ብር ልመልስልህ ብለው አልቀበልም አለ።

ኬብሉ 8 ሜትር ያህል ተርፎኛል፣ ፒንሳውም ገና አልተመለሰም (ባለቤቱ ይሄን ካነበብክ፣ ይቅርታ)። አቦከር አካባቢ ያላችሁ ከፈለጋችሁ ብቅ በሉ። ፓስወርዱን ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ አሁን የሚይዘው እሱ ነው።