ከማክሰኝት እስከ ጉዛራ፦ በገዛ እጃችን የሠራናት ጋሪ



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ አዘዞንና ጠዳን ካለፈ በኋላ ማክሰኝትን ያገኛታል። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በስተ ምሥራቅ ተራራው፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ ወደ ጣና የሚዘረጋው ዋልካ ሜዳ ይታያል። በክረምት እግር የሚይዘው ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በውስጡ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ይበቅልበታል። በዚህች ከተማ ቀን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ፊዚክስ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ስናስተምር ቆይተናል።

በጥር መጨረሻ፣ የግማሽ ዓመቱ ፈተና ሲያበቃ፣ ደረሶቻችንን ይዘን በእግር የመጓዝ ልማድ ነበረን። ልጆች አገራቸውን በመኪና መስኮት ብቻ እንዳያውቋት ብለን የጀመርነው ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ በ2012 ዓ.ም ስላደረግነው ጉዞና ለዚያ ጉዞ ብለን ስለ ሠራናት አንዲት ትንሽ ጋሪ ነው።

የ2011 ጉዞ ጉድለት

በ2011 ዓ.ም ዕቃችንን የጫንነው በኪራይ አህያ ነበር። ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ድስት፣ በሶ፣ ብርድ ልብስና ሸራ ነው። ከጭነቱ ሥር በቂ ነገር ሳናነጥፍ በጥድፊያ ጠፍረን አሰርነው። ለዙህር ስናወርደው ገመዱ የአህያዋን ቆዳ ልጦት አገኘን። ባለቤቷ “ይድናል፣ ግድ የለም” አሉን። ነገር ግን እንስሳም ሐቅ እንዳላት ለልጆች ስናስተምር የከረምን ሰዎች በዚያ ቁስል ፊት ምን እንበል? የቀረውን መንገድ ዕቃውን ተከፋፍለን በጀርባችን ተሸከምን።

ሌላም ጉድለት ነበረብን። ከደረሶቻችን አንዱ፣ የ14 ዓመት ልጅ፣ በሕፃንነቱ በያዘው ሕመም ቀኝ እግሩ የሰለለ ነው። አባቱ በሕይወት የለም። በዚያ ጉዞ “የራሱን ሸክም መሸከም የሚችል ብቻ ይምጣ” ብለን ነበርና እሱ ከቤት ቀረ። እናቱ “እንኳንም ቀረ፤ ይደክምብኝ ነበር” ብለው አጽናኑን። ልጁ ምንም አልተናገረም። ከተመለስን በኋላ ግን ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ከፊተኛው ምንጣፍ ተነሥቶ ከበሩ አጠገብ ሲቀመጥ አየነው። ይህ ከማንኛውም ወቀሳ በላይ ከበደን።

ስለዚህ በ2012 ጉዞው ሲቃረብ “ዘንድሮ ሸክሙን የሚሸከምልን ጎማ ይሁን” ተባባልን።

ጎማና አገራችን

ጎማ ለደጋው ሰው የቆየ ዘመድ አይደለም። የጎንደር አዲስ ዓለም ነጋዴዎች ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ሲመላለሱ ዕቃቸው የሚጓዘው በጋማ ከብትና በግመል ጀርባ ነበር። ይህ የዕውቀት ማነስ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ አይደለም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ቡሌት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ግመልና ስለ ጎማ ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ቀድሞ ሠረገላ ነበር፤ በኋላ ግን ግመል ዋጋው የቀለለና የተጠረገ መንገድ የማይፈልግ ሆኖ ስለ ተገኘ ጎማውን ከሥራ አስወጣው። ጎማ መንገድ ይሻል፤ ግመልና በቅሎ ግን መንገዳቸውን ራሳቸው ያገኛሉ። ቻይናዎች በበኩላቸው አንድ ትልቅ ጎማ ከመሐሉ ያለው የእጅ ጋሪ ሠርተው በጠባብ የእግር መንገድ ሲነዱ ኖረዋል። ሸክሙ በጎማው ላይ ስለሚያርፍ የሰውየው ድርሻ በአብዛኛው ሚዛን መጠበቅና መግፋት ነው።

ጎማ ለመጎተት መንገድ መጥረግ ምን ያህል እንደሚያደክም ከአፄ ቴዎድሮስ በላይ ያወቀ የለም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም መግቢያ በጎማ ላይ ተጭኖ ወደ መቅደላ ሲጓዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጎትተውታል። በጂዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገዱ በእጅ ተጠረገ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። ዛሬም እዚያው አለ። ለልጆቹ ይህን ስንነግራቸው አንዱ “የኛስ ስንት ቶን ነው?” ብሎ አሳቀን። የኛ ጭነት 60 ኪሎ ያህል ነበር።

አሠራሩ

በየቤታችሁ መሥራት የምትፈልጉ ወጣቶች ትኖራላችሁና አሠራሩን በዝርዝር እንንገራችሁ።

ከአሮጌ ቢስክሌቶች ሁለት 26 ኢንች ጎማ አገኘን። ትልቅ ጎማ የመረጥነው ትንሹ ጎማ በድንጋይና በስንጥቅ ሲያዝ ትልቁ ግን በላዩ ተንከባሎ ስለሚያልፍ ነው። በመጀመሪያ ያሰብነው እንደ መኪና ጎማ ከአንድ ወገን ብቻ ልናስረው ነበር። ብየዳ ቤት ስንሄድ ባለሙያው “ኡስታዝ፣ የሳይክል ጎማ ከሁለት ወገን ካልተያዘ የመሐሉ ዘንግ ይጎብጥባችኋል” ብሎ መከረን። እውነቱን ነው፤ ቢስክሌት ላይም ከግራና ከቀኝ ተይዞ ነው የሚሠራው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጎማ በሁለት ብረት መካከል አስገባነው። ኩሽኔታውን አጥበን ግራሶ ቀባነው።

አልጋውን 1 ሜትር ቁመትና 45 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ቱቦላሬ አስበየድን፤ ወለሉን በአሮጌ ሣጥን ጣውላ መታነው። ከጎማ እስከ ጎማ ያለው ስፋት ከ70 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ አደረግን፤ ሰፊ ጋሪ በእግር መንገድ አያልፍምና። መጎተቻዎቹ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ናቸው። ወደፊት የሚወጡት 1 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው፤ ካጠሩ ጋሪው የሚጎትተውን ሰው ተረከዝ ይመታል። ከአልጋው ጋር ያያያዝናቸው በብየዳ ሳይሆን በቡሎንና በዳዶ ነው፤ ሲያስፈልግ እንዲፈታ ነው። ጎታቹ ገመዱን ከወገቡ ሲያስር እንዳይቆርጠው የታጠፈ ጋቢ ከሥሩ ያደርጋል።

የአጫጫን ነገር ዋናው ነው። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ውኃው፣ በቀጥታ ከጎማዎቹ በላይ፣ ትንሽ ብቻ ወደፊት አዘንብሎ መቀመጥ አለበት። ወደ ኋላ ከበዛ ጋሪው ጎታቹን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ወደፊት ከበዛ ደግሞ ክንዱን ይሰብረዋል። በሁለት ጣት ማንሣት ከቻላችሁ ሚዛኑ ደርሷል ማለት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ያ ልጅ ጋሪዋን ዞሮ ዞሮ አያት። “ኡስታዝ፣ ከኋላ መያዣና ፍሬን አላት?” አለን። “ሜዳ ለሜዳ ነው የምንሄደው፤ አያስፈልጋትም” አልነው። በልባችን ደግሞ ‘የሚደገፍበት ፈልጎ ነው’ ብለን አሰብን። አላህ ይቅር ይበለን።

የወንዙ ቁልቁለት

ሱብሂን ሰግደን ተነሣን። አሥራ አንድ ልጆችና ሁለት ትልልቆች ነን። ያ ልጅ እስከ መጀመሪያው ወንዝ አብሮን ሊሄድ፣ ከዚያ ከአጎቱ ጋር በመኪና ወደ እንፍራዝ ሊቀድመን ተስማምተናል። ይህንንም ትልቅ ውለታ አድርገን ቆጥረነው ነበር።

ጋሪዋ በደረቁ መሬት እየተንከባለለች ልጆቹ በየግማሽ ሰዓቱ ሲፈራረቁባት የመንደር ሕፃናት ተከተሉን። በሽምብራ ማሳ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት እሸት ነቅለው ሰጡንና “እናንተዬ፣ አህያ ጠፍቶ ነው ራሳችሁን የምትጭኑት?” ብለው ሳቁብን። እኛም አብረን ሳቅን።

ከወንዙ አፋፍ ስንደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ወደ መሻገሪያው የሚወርደው መንገድ አጭር ቢሆንም የቀጥታ ቁልቁለት ነበር። ከልጆቹ ጠንካራው ይጎትት ነበር፤ ሦስት እርምጃ ሳይወርድ ጋሪዋ ከኋላ ትገፋው ጀመር። ሮጠ፤ ሮጠችበት። “ልቀቀው!” ብለን ጮኽን። የወገቡን ገመድ ፈልቅቆ ወደ ጎን ሲዘል ጋሪዋ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ተገለበጠች። አንዱ ጀሪካን ፈነዳ፤ አንደኛው አጣና ተሰነጠቀ። ልጁ መዳፉ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም፤ አል-ሐምዱ ሊላህ። ገመዱ ባይፈታለትስ? ይህን ስናስብ ዛሬም ልባችን ይደነግጣል።

በአራት ሜትር መንገድ 1 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 60 ኪሎ ጭነት በ15 ኪሎ ገደማ ጉልበት ወደ ታች ይስባል። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈን አስተምረናል! በራሳችን ጋሪ ላይ ግን ማስላት ረሳን፤ ያስታወሰንንም አልሰማነውም።

ሁላችንም ዝም ብለን ቆመን ሳለ ያ ልጅ ከከረጢቱ የተጠቀለለ ገመድና ሁለት የአሮጌ ጎማ ቁራጮች አወጣ። ከቤቱ ይዟቸው የመጣ ነው። አንድ ወፍራም እንጨት ከሁለቱ ጎማዎች ኋላ በአግድም ላላ አድርጎ አሰረ፤ የጎማ ቁራጮቹን በጫፎቹ ጠቀለለ። ገመዱን ሲስበው እንጨቱ ተጠግቶ ሁለቱን ጎማዎች ይጫናል። ሌላ እንጨት ደግሞ ከአልጋው ጀርባ ለእጅ መያዣ አደረገ። የተሰነጠቀውን አጣና ልጆቹ በገመድ ጠፈሩት።

“እኔ ከኋላ ልያዛት” አለ። አጎቱን አየናቸው። “እናንተ ታውቃላችሁ” አሉ። እኛም “ይቅርታ አድርግልን፤ ያዛት” አልነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነበር። መያዣውን ተደግፎ ሲራመድ የሰለለው እግሩ ሚዛን አገኘ፤ ክንዶቹ ደግሞ ዘመኑን ሁሉ በምርኩዝ የጠነከሩ ናቸው። በቁልቁለት “ቀስ!” ሲል ገመዱን ይስባል፤ በዳገት መያዣውን ሌላ ልጅ አብሮት ይገፋል። ጎታቾቹ ይፈራረቃሉ፤ ከኋላ ያለው እሱ ግን አልተለወጠም። በሚደክመው ጊዜ “እንረፍ” ይላል፤ ሁላችንም እናርፋለን። ወደ መኪናው አልሄደም።

ጉዛራ

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንፍራዝ አካባቢ ደረስን። ከኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። በ16ኛው መቶ ዘመን በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ታነፀ ይነገርለታል፤ ከጎንደሩ የፋሲል ግንብ ይቀድማል ማለት ነው።

ኮረብታው ለጎማ አይሆንም። ይህን መሸሸግ አንፈልግም፤ ጋሪ እንደ መንገዱ ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ደባርቅ ላይ በቅሎ ቢከራይ ይሻለዋል፤ ጀርባዋን ይጠንቀቅላት እንጂ። የኛ ጋሪ የሜዳና የረጋ መንገድ ዕቃ ናት። ቡሎኖቹን ፈትተን አጣናዎቹን አውልቀን ከአጎቱ ዘንድ ከሥር ተውናት።

ልጆቹ ባልንጀራቸውን በትከሻቸው ሊያወጡት ከበቡት። “በእግሬ ነው የምወጣው። እናንተ ብቻ አትሩጡ” አላቸው። አልሮጡም። አሥራ አንዱም በእሱ እርምጃ ልክ ወጡ፤ እኛም ከኋላ ተከተልን። ከላይ ሆነን ጣናን በምዕራብ በኩል ተዘርግቶ አየነው። አስርን እዚያው አጠገብ ሰገድን።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚያ ወዲህ በአካባቢያችን ብዙ ነገር አልፏል፤ አላህ ሰላሙን ያብዛልን። ከዚያ ጉዞ የተረዳነው ግን አልተለወጠም። ጎማ ሸክምን አያጠፋም፤ ሰዎች እንዲከፋፈሉት ያመቻል እንጂ። እኛ በ2011 “መሸከም የሚችል ይምጣ” ያልነው ሸክም ማለት ጀርባ ላይ የሚጫን ብቻ ስለ መሰለን ነበር። ቁልቁለቱ መያዝም መሸከም መሆኑን አስተማረን። ከልጆቻችሁ ጋር መንገድ የምትወጡ ወላጆችና አስተማሪዎች፣ ዕቃውን ከማሰራችሁ በፊት ማን እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ ጠይቁ። ጋሪም ከሠራችሁ ፍሬኑን አትርሱ።

ከጉዞው በተመለስን በመጀመሪያው ቀን ያ ልጅ ከበሩ አጠገብ ተነሥቶ ከፊተኛው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ወሰላሙ ዓለይኩም።