የአሜሪካኖች ግማሽ ስኒ

እኛ ኢኮኖሜትሪክስ በጀመርንበት ዘመን የጉጃራቲ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት የሚወጣው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ተሯሩጠን ምዕራፉን ፎቶ ኮፒ እናስደርጋለን፤ ኮፒው በዶርም ሲዞር ደግሞ የኮፒ ኮፒ ይወለዳል። በዚህ መሃል ቤታ አናት ላይ የምትቀመጠዋ «ሃት» ትጠፋና እውነተኛው ቤታና ግምቱ ይምታታሉ። በፈተና ሰሞን ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም።

ከሁሉም ያልረሳሁት የመጽሐፉን የቡና ሠንጠረዥ ነው። ከ1970 እስከ 1980 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ አሜሪካዊ በቀን ስንት ስኒ እንደጠጣ፣ ቡና ግሽበቱ ተቀንሶ በፓውንድ ስንት ዶላር እንደተሸጠ የሚያሳይ፣ 11 መስመር ብቻ። ደብተሩን አግድም አዙረን አምድ እናሰምራለን፤ ከአማካዩ ያለውን ልዩነት በካልኩሌተር እናወጣለን፣ እናባዛለን፣ ስኩዌር እናደርጋለን። የሬሲዱዋሎቹ ድምር ዜሮ አልመጣ ካለ አንድ ቦታ ተሳስተናልና እንደገና ከላይ እንጀምራለን። የመስመሩ ስሎፕ ኔጌቲቭ 0.48 ገደማ ነው፤ ዋጋው በአንድ ዶላር ሲጨምር ፍጆታው በቀን ግማሽ ስኒ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። በእጅ ማስላቱ አድካሚ ቢሆንም እያንዳንዱን ዓመት በመልኩ አሳውቆናል። በ1975 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታው፤ በ1977 ዋጋው 1.81 ዶላር ደረሰ። ያቺ አንዲት ነጥብ መስመሩን ምን ያህል እንደምትጎትተው ያየነው ራሳችን ስላሰላናት ነው።

የቡና አገር ልጆች የአሜሪካንን ስኒ ስንቆጥር ማንም አልተገረመም። የራሳችን ዳታ ብርቅ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች ከኦክስፎርድ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1994 በ15 የገጠር መንደሮች ወደ 1,500 ቤተሰቦችን መጠየቃቸው ትልቅ ሥራ ነው፤ እኛ ክፍል ግን አልደረሰም።

ዛሬ የእህቴ ልጅ ያንኑ ኮርስ ትወስዳለች። ስታታ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ አንድ መስመር ጽፋ እኛ ሌሊቱን ያደርንበትን በቅጽበት ታወጣዋለች። ስለ ሮበስት ስታንዳርድ ኤረር፣ ስለ ኢንዶጀኒቲ የምታውቀውን እኛ በዚያ ዕድሜ አናውቅም ነበር፤ በዚህ እኮራባታለሁ። አሳይመንቷን ሳየው ግን ከዉልድሪጅ መጽሐፍ የመጣ፣ የ526 አሜሪካውያን የ1976 ደመወዝ ነው። መጽሐፉ ግሩም ነው፣ ዳታውም ጥሩ መለማመጃ ነው። ነገር ግን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ከዓለም ባንክ ጋር ከ2011 ጀምሮ በየዙሩ የሚሰበስበው የቤተሰብ ጥናት ማንም ተመዝግቦ የሚያወርደው ነው። ቤተሰቡ በ7 ቀን ውስጥ ምን እንደበላና እንደጠጣ ይጠይቃል፤ ቡናም አለበት። መምህሮቻችን «ዳታ የለም» ቢሉን እውነታቸውን ነበር። ዛሬ በየክፍሉ ጠመኔ የያዘው የኔ ትውልድ ነው፤ ምን ሊል ነው?

ዳታውን አወረድንና የቡናውን አምድ አብረን ከፈትን። ዝም ብላ ቁልቁል ስታይ ቆየችና «ጋሼ፣ እማዬ ጎረቤት ተጠርታ የምትጠጣው ማን ቤት ነው የሚቆጠረው?» አለችኝ። በሚያፈላው ቤት ከተቆጠረ የጎረቤቷ ፍጆታ ከእውነቱ ይበዛል፣ የእማዬ ያንሳል። ቡና ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀረው ጎረቤት መጥራት ከሆነ ደግሞ፣ ያፈላችው ሴት ራሷ አንድ ስኒ ሳትቀንስ የቤቷ ፍጆታ ወርዶ ይታያል፤ ስሎፑም የእሷን ጠባይ ሳይሆን የጎረቤቶቿን መቅረት ይለካል። ይህን በወረቀት ስንጽፍ አመሸን፤ የደመወዙ አሳይመንት ለማግስቱ አደረ።