ኩሽኔታ አንቆጥርም

የዓሣ ማጥመጃ መጠቅለያ (ያው ሪል የሚሉት) ልንገዛ ስንገባ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግረን የኩሽኔታውን ብዛት ነው። «13 አለው!» ይለናል። እሺ፣ ይኑረው። ሚኒባስ ልንገዛ አልመጣንም እኮ!

እኛ የምንፈልገው ለባሌ ነው። በዲንሾ በኩል፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በወይብ ወንዝ ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ። ይህን ዓሣ የምናጠምደው ከ3 እስከ 7 ግራም በምትመዝን፣ ማንኪያ በምትመስል የብረት ማታለያ ነው። ማታለያ ደግሞ እንደ ትል ውሃ ውስጥ ጥለው የሚጠብቁት ነገር አይደለም፤ ይወረወራል፣ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይወረወራል። ቀኑን ሙሉ! ስለዚህ 200 ግራም እና 350 ግራም ሱቅ ውስጥ አንድ ቢመስሉንም፣ ከሰዓት በኋላ የእጅ አንጓችን ልዩነቱን አሳምሮ ያውቀዋል። መጠኑ 1000 ወይም 2000 የተባለው ይበቃናል።

ከሁሉ በፊት ግን ፍሬኑ። ክራችን 2 ኪሎ ብቻ የሚችል ቀጭን ነው። ዓሣው ሲሸሽ መጠቅለያው ክሩን በለስላሳው መልቀቅ አለበት፤ ከተንገጫገጨ ክሩም ዓሣውም ሄዱ። ስለዚህ የሞላ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ክሩ ጫፍ ላይ አስረን፣ ፍሬኑን ቀስ እያልን እናላላለን። ሃይላንዱ ሳያቋርጥ በዝግታ ከወረደ ጥሩ ነው። እየቆመ እየዘለለ ከወረደ ግን ኩሽኔታው 20ም ቢሆን ይቅርብን።

ሻጩ ሃይላንዳችንን ሲያይ ይስቃል። ይሳቅ! የሚወጣው የእኛ የሁለት ወር ቁጠባ ነው።