ከመንገዱ ጫፍ ያለው ፊኛ

ልጁ አገጩን ማሳረፊያው ላይ አድርጎ ግንባሩን አስደግፏል። ማሽኑ ውስጥ ቀጥ ያለ መንገድ ይታየዋል፤ ከመንገዱ ጫፍ ደግሞ ባለቀለም ትልቅ ፊኛ አለ። ፊኛው ይደበዝዛል፣ ይጠራል፣ መልሶ ይደበዝዛል። «አትንቀሳቀስ ጎበዝ፣ ፊኛውን ብቻ እይ» ይሉታል። ሁለቱም ዓይኖቹ ታይተው ለማለቅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ማሽኑ ዝዝዝ ብሎ የሱቅ ደረሰኝ የምታክል ወረቀት ይተፋል።

ወረቀቷን የሚቀድዳት ነጭ ጋውን የለበሰው ወጣት ነው። አየት ያደርጋትና ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወደ እናትየው ይዞራል። «ማዘር፣ እንኳን አሁን አመጡት። ስድስት ወር ቢቆዩ ኖሮ…» ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሰውም። መጨረስም አያስፈልገውም።

እናትየው ስም የላትም፤ ለማሳያ የቀረበች ናት። አመጣጧ ግን ሸዋ ሮቢት ላለችበት ለይፋት ሰው እንግዳ አይደለም። የልጇ መምህር «ሰሌዳው ላይ ያለውን ትቶ ከጓደኛው ደብተር ነው የሚገለብጠው» ብሏታል። ከማሾና ከሽንኩርት ሽያጭ የቋጠረችውን ብር ይዛ ከሸዋ ሮቢት ተነሳች፤ ጣርማበርን ተሻግራ፣ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ፣ አዲስ አበባ እህቷ ቤት አረፈች። እህቷም ሐኪም ቤት ተሰልፈሽ ከምትውዪ ብላ «ነጻ የዓይን ምርመራ በኮምፒውተር» የሚል ማስታወቂያ ወደለጠፈ መነጽር ቤት ወሰደቻት።

ፍሬም ከመደርደሪያው ይወርዳል። መጀመሪያ የሚወርደው ርካሹ አይደለም። ተራ ሌንስ ይጫራል፣ ልጅ ደግሞ ይጥላል፤ ስለዚህ የማይጫረው ይሁን። ስልክ ይነካካል? ይነካካል። እንግዲያው ሰማያዊ ብርሃን ያግዳል የሚባለው «ብሉ ከት» ያስፈልገዋል። ፀሐይ ላይ ይወጣል? የሸዋ ሮቢት ልጅ ፀሐይ ላይ ካልወጣ የት ሊውል ነው! እንግዲያው ፀሐይ ሲመታው የሚጠቁረው «ፎቶክሮሚክ»። ጥያቄዎቹ ሁሉ መልሳቸው «አዎ» እንዲሆን ሆነው የተሰናዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ «አዎ» ደግሞ ሂሳቡ ላይ ይደመራል። ልጁ እስከዚያ ፍሬሙን አድርጎ በመስታወቱ ራሱን እያየ ፈገግ ብሏል። ከፊቱ ላይ አውልቆ «ይቅርብን» ማለት ለእናትየው የቀረ ሥራ ነው።

ነጻ የተባለው ምርመራ ወጪው የሚሸፈነው ከፍሬምና ከሌንስ ትርፍ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ቤት ኪራይ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ማሽኑም ርካሽ አይደለም። ነገር የሚበላሸው ለኪውና ሻጩ አንድ ሰው ሲሆን፣ የልኩም ወረቀት ከባንኮኒው ማዶ ሲቀር ነው። ያኔ እናትየው የምትከራከርበት ነገር የላትም። ያላት ፍርሃት ብቻ ነው።

ፍርሃቱ ደግሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በእናትየው አገር የዓይን መጥፋት በየቤቱ የሚታወቅ ታሪክ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ የአማራ ክልል ልጆች መካከል ንቁ ትራኮማ የተገኘባቸው 62.6 በመቶ ነበሩ። የአያቶች ትውልድ ይህን በሽታ «የዓይን ማዝ» ይለዋል። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት የሚነቀልባት ወረንጦ ከብዙ የገጠር እናቶች አንገት አትለይም ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ የያዘው የ«ማልትራ» ሳምንት በክልሉ መድኃኒት ሲያድል የኖረውም ለዚህ ነው። አያቷ ዓይኗ ጠፍቶ በምርኩዝ ስትመራ ያየች እናት «ስድስት ወር ቢቆዩ ኖሮ» ሲሏት ብትደነግጥ ምን ይገርማል?

ርቀቱም አለ። ከሸዋ ሮቢት ለከፍተኛ ሕክምና የሚላክ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሽቅብ ይወጣል፤ ከቆላው 1,280 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማበርን ብርድ ያቋርጣል። ወይም በሌላው አቅጣጫ በአጣዬና በከሚሴ አድርጎ፣ ደሴን አልፎ፣ በዓይን ሕክምናው ስሙ ወደሚጠራው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይሄዳል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቶ በነበረ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ራሱ አልነበረም። ይህን ሁሉ አልፎ አንድ ቀን መነጽር ቤት የደረሰ ወላጅ «ሌላ ቦታ ጠይቄ ልመለስ» ለማለት አቅሙ ትንሽ ነው። ሻጩ ይህን ያውቃል። ባያውቅ እንኳ ከጫማው አቧራ ያነብበዋል።

ወደ ፊኛው እንመለስ። ሥዕሉ እዚያ የገባው ልጅ ለማዝናናት አይደለም። ዓይን ሩቅ የሚያይ መስሎት ጡንቻውን እንዲያላላ ነው። ቅርብ ለማየት ዓይናችን በውስጡ ያለውን ሌንስ ያጎብጣል፤ ይህ ጉልበት ደግሞ በልጅነት እጅግ ብርቱ ነው። ልጅ ሆዬ ሥዕሉ ከአፍንጫው ፊት ባለ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ስለሚገባው ዓይኑ ሳይታወቀው ይጨብጣል። ማሽኑም የጨበጠውን ዓይን ይለካና ካለው በላይ «ማይነስ» ይጽፋል፤ አንዳንዴም ምንም የሌለበትን ልጅ ሩቅ የማያይ ያደርገዋል። የልጆች ዓይን ሐኪሞች ከመለካታቸው በፊት ጡንቻውን ለጥቂት ሰዓት የሚያሳርፍ ጠብታ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ጠብታው ያቃጥላል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ብርሃን እየሸሸ ይውላል። ለሱቅ አይመችም። የማሽኑ ወረቀት የምርመራው መነሻ እንጂ መደምደሚያው አይደለም። ከሚገባው በላይ ማይነስ የተሸከመ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ሲደክመውና ራሱን ሲያመው ይውላል።

የማይነስ ተቃራኒ የሆነው «ፕላስ» በትንሹ የተገኘበት ልጅም ሁሉ መነጽር አያሻውም፤ ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ ፕላስ ሆነው ይወለዳሉ፣ ሲያድጉም ይስተካከላሉ።

የብሉ ከትን ነገር ከእንግሊዝ የመጣ አንድ ጉዳይ ይገልጠዋል። ቡትስ ኦፕቲሺያንስ የተባለው ትልቅ የመነጽር ድርጅት ከስልክና ከኮምፒውተር የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ዓይን እንደሚጎዳ፣ የእሱ ሌንስ ደግሞ እንደሚከላከል በጋዜጣ አስነግሮ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ ማስረጃ የለህም ብሎ አስቆመው፤ በ2017 ደግሞ የሙያው ተቆጣጣሪ ምክር ቤት 40,000 ፓውንድ ቀጣው። በ2023 ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም ያሉትን ጥናቶች መርምሮ፣ እነዚህ ሌንሶች በኮምፒውተር የሚመጣውን የዓይን ድካም ከተራው ሌንስ የተሻለ የሚቀንሱ እንደማይመስሉ አስታወቀ። ለንደን ላይ ያስቀጣው ቃል አዲስ አበባ ባንኮኒ ላይ ዛሬም ብር ያስቆጥራል።

«ፎቶክሮሚክ» የታዘዘለት ፀሐይ ደግሞ ጭራሽ ወዳጅ ነው። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ደጅ እንዲውሉ አደረጉ። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት ከሦስት ዓመት በኋላ ደጅ ከዋሉት 30.4 በመቶው፣ ካልዋሉት ደግሞ 39.5 በመቶው ሩቅ ማየት ተስኗቸው ተገኙ። የይፋት እረኛ ልጅ ያን 40 ደቂቃ ከቁርስ በፊት ፍየል ሲመልስ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው መነጽር ሁሉ ማጭበርበር ነው» ብሎ እንዳይነሳ ሌላውን ወገንም ማየት ይገባል። ጎንደር ከተማ ውስጥ 1,852 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተመርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት 9.4 በመቶዎቹ ላይ በመነጽር የሚስተካከል ችግር አግኝቷል። ከመቶ ዘጠኝ ማለት ነው። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ አምስት ስድስቱ ይህ ችግር አለባቸው እንደ ማለት ነው፤ ሰሌዳው ስለማይታያቸው ሰነፍ የሚባሉም አሉባቸው። መነጽር ዓይን ያደክማል የሚለው ወሬ፣ ሴት ልጅ መነጽር ካደረገች ትታማለች የሚለው ስጋት፣ የእነዚህን ልጆች ዓመታት ይበላል። በቻይና 252 ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተካሄደና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ መነጽር በነጻ የተሰጣቸው ልጆች በሒሳብ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። ያ መነጽር ተራ ሌንስ ያለው ተራ መነጽር ነበር።

እውነት የሚያስቸኩሉ ነገሮችም አሉ። የልጅ ዓይን ብሌን ነጣ ብሎ ከታየ፣ አንዱ ዓይን ሸውረር ካለ፣ ዓይኑ ቀልቶ ካመመው ወይም እሾህ ከወጋው፣ ቦታው ሆስፒታል ነው እንጂ መነጽር ቤት አይደለም። የሁለቱ ዓይኖች ልክ በጣም ከተራራቀም ደካማው ዓይን ሥራ ፈትቶ «ሰነፍ ዓይን» ይሆናል፤ ይህ በሕፃንነት ካልታከመ በኋላ ማቃናቱ ይከብዳል። የሻጩ ማስፈራሪያ የሚሠራውም እውነት ስላለበት ነው። ችግሩ ያችን እውነት ለሁሉም ልጅ እኩል ማደሉ ነው። በሙቀቱና በአቧራው ዓይኑን እያሳከከው ሲያሸው የሚውለውን የቆላ ልጅ፣ ሕመሙ አለርጂ ሆኖ ሳለ፣ መነጽር አያሽረውም።

ሌሎች አገሮች ይህን ግፊት ያቃለሉት በወረቀት ነው። አሜሪካ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓይን የለካ ባለሙያ ልኩን ጽፎ፣ ሳይጠየቅና ተጨማሪ ሳያስከፍል፣ በዚያው ለተመርማሪው እንዲሰጥ ሕግ አውጥታለች። ዋሽንግተን አካባቢ ያለች ኢትዮጵያዊት እናት ምርመራውን ከአንዱ፣ መነጽሩን ከሌላው ብትገዛ የሚከለክላት የለም። በእንግሊዝ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ምርመራው በመንግሥት ወጪ ነው፤ ለመነጽሩም የድጋፍ ኩፖን ይሰጠዋል።

በእኛም ዘንድ እጃችን ባዶ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ መብት እንዳለው ይናገራል። መነጽር ቤትን ለይቶ አይጠራም፤ ግን ፍሬም ስላስለካ ብቻ መግዛት ግዴታው ያልሆነው ልጅ ጉዳይ በዚህ ውስጥ ይወድቃል። ትምህርት ቤቶችም ብዙ ወጪ ሳይጠብቁ ሊያግዙ ይችላሉ። ስድስት ሜትር ገመድ፣ እግሮቹ ወደ አራት አቅጣጫ የሚዞሩ የእንግሊዝኛው «E» ፊደል ያለበት ካርድ፣ አንድ ዓይን የሚሸፍን መዳፍ። ልጁ ማንበብ ባይችል እንኳ እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በጣቱ ያሳያል። መምህሩ ይህን ቢያደርግ እናትየው አዲስ አበባ የምትገባው ልጇ ምን እንደተሳነው አውቃ ነው።

እናታችን ያን ቀን ሻጩ ዋጋውን በካልኩሌተር ደምሮ ባዞረላት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ወንድሜ፣ ወረቀቷን ስጠኝ» አለችው። «ማዘር፣ እሷማ ለእኛ ፋይል ነች።» «ልጁ የእኔ ነው፤ ዓይኑም የእሱ ነው። ነገ ልመጣም እችላለሁ።» ወጣቱ ሳቅ አለና ሰጣት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በቀን ስንት ፍሬም እንደሸጠ ማታ የሚጠየቅ ልጅ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ተሰለፉ። ጠብታው ተደረገለት፤ ልጁ አለቀሰ፣ ቆይቶም የእናቱ ፊት በቅጡ አልታይ ብሎት ሳቀ። የሱቁ ማሽን ቀኙን ማይነስ 2.00፣ ግራውን ማይነስ 1.75 ብሎት ነበር። ከጠብታው በኋላ ቀኙ ማይነስ 1.25፣ ግራው ማይነስ 1.00 ሆነ። መነጽር ያስፈልገዋል፤ የተባለውን ያህል ግን አይደለም። ተራ ሌንስ፣ አፍንጫው ላይ የማይንሸራተት ጠንካራ የፕላስቲክ ፍሬም ገዙለት።

እንዲህ ያለው የማሽን ወረቀት በሙቀት የሚታተም ነው፤ ውሎ አድሮም ጽሑፉ ይጠፋል። ሸዋ ሮቢት ከተመለሱ በኋላ በቦርሳዋ ኪስ የቀረችው የመነጽር ቤቷ ቁራጭ ነጭ ሆና ተገኘች፤ ቁጥሩም የለም፣ ፊደሉም የለም። የሆስፒታሉን ልክ ግን እህቷ ከልጁ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገልብጣለት ነበር፦ ቀኝ፣ ግራ፣ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት፣ ቀኑ። ከሥሩ ልጁ በራሱ እጅ ፊኛ ሥሏል።